ከስድስት በታች

ጥቅምት 4

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣ የሰው ማቃሰት በማዳመጥ ለምትተዳደረው፤

ከሁሉ አስቀድሜ ሰላምታዬ ባሕሩንም የፖስታ ቤቱን ሠልፍም ተሻግሮ ይድረስሽ። ጤናሽን አልጠይቅም፤ አንቺ ታመሽ አታውቂም፣ ብትታመሚም ለማንም አትናገሪም። እኛ ደህና ነን፤ ማለቴ አባባ ደህና ናቸው፣ እኔ ግን ከሞት ነው የተመለስኩት። ባለፈው ሳምንት የመንጋጋ ጥርሴን አስነቀልኩ። ጥርስ ነቃዩ ማደንዘዣው እስኪይዘኝ እንኳ አልጠበቀም። ጉጠቱን ሲያስገባው ነፍሴ በአፍንጫዬ ወጥታ፣ ጣሪያውን ዞራ፣ ተመልሳ ገባች። እንዲህ ያለ ሕመም በሰው ልጅ ላይ ደርሶ አያውቅም ብልሽ አላጋነንኩም። ሦስት ቀን ፈሳሽ ብቻ ነው የወሰድኩት። ትራሱ ሲነካኝ እጮሃለሁ፣ ነፋስ ሲገባብኝ እጮሃለሁ።

አባባ ደጅ ወንበር ላይ ተቀምጠው ይጠብቁኝ ነበር። ጉንጬን ይዤ ስወጣ ከላይ እስከ ታች አይተውኝ «ስንት ነው የነቀለልህ?» አሉኝ። «አንድ» አልኳቸው። «በድምፅህ ሠላሳ ሁለቱንም መስሎኝ ነበር» ብለው መንገድ ጀመሩ።

ሥራዬ ያው ነው። መነፅር ቤቱ ውስጥ ጨለማ ክፍል ተቀምጬ፣ ሰው ዐይን ላይ መስታወት እየቀያየርኩ ቀኑን ሙሉ «ይሄ ይሻላል ወይስ ይሄ?» እላለሁ። የሚመልስልኝ የለም። ትናንት አንዱ «ሁለቱም በጣም ጥሩ ናቸው፣ አመሰግናለሁ» አለኝ። ዐይኑን ሊያስለካ መጥቶ ይሉኝታውን አስለክቶ ሄደ። የሚያየውን ነገር ሰው እንዴት አያውቅም? አንዳንዴ ዝም ብዬ አንዱን መስታወት ሁለቴ አደርግላቸዋለሁ። «ሁለተኛው ይሻላል» ይላሉ።

የጻፍኩልሽ ለአባባ ጫማ ነው። አዲሱ ጫማቸው የግራ አውራ ጣታቸውን ልጦት ቁስሉ ሦስት ሳምንት ሙሉ አልደረቀም። እሳቸውን ከጠየቅሽ ምንም አይደል። ስልክ ብትደውዪም «ደህና ነኝ» ብለው ጆሮሽ ላይ እንደሚዘጉት ታውቂያለሽ። ብቻ አሁን አሁን አልጋ ላይ አይጋደሙም፤ ጠርዙ ላይ ተቀምጠው ግራ እግራቸውን ወደ መሬት አንጠልጥለው ነው የሚያሸልቡት። አየር እንዲያገኝ ነው ይላሉ። ሠላሳ ስምንት ዓመት ካውያ ይዘው ቆመው ልብስ ሲተኩሱ የኖሩ ሰው፣ ጡረታ ሲወጡ መተኛት አስጠላቸው። ለስለስ ያለ፣ ጣት የማይነካ ጫማ ላኪላቸው። አርባ ሁለት ቁጥር ነው።

ፈጣሪ እጅሽን ከመርፌ፣ ጆሮሽን ከጩኸት ይጠብቅልሽ።

ታናሽ ወንድምሽ


ኅዳር 2

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣ ለአምቡላንስ፤

ሰላምህ ይብዛ፣ ድምፅህ ይነስ።

ደብዳቤህን በእረፍት ሰዓቴ፣ የእጅ መታጠቢያው አጠገብ ቆሜ አነበብኩት። አራት ገጽ ነው። ሁለቱ ገጽ ስለ አንድ ጥርስ ነው፤ ነፍስህ ጣሪያ ስትዞር ብቻ ሦስት መስመር ፈጅታለች። የስድስት ዓመት ልጅ ሳለህ የብርጭቆ ስባሪ ጣትህን ጭሮህ ጎረቤቱ ሁሉ በባዶ እግሩ ሮጦ የወጣው ትዝ ይልሃል? ደሙን ለማየት መነፅር ያስፈልግ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አምቡላንስ የተባልከው ያለ ነገር አይደለም። ሰላሳ አራት ዓመት ሞላህ፣ ዛሬም ሳይረንህ አልጠፋም።

እኔ ያለሁበት ክፍል ሃያ አራት አልጋ አለው። በየአልጋው ራስጌ አንድ ወረቀት ተለጥፏል፤ ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር፣ ከሥሩ ደግሞ ፊት ተስሏል። ዜሮ ማለት ምንም አያመኝም ነው፤ አሥር ማለት ከዚህ የባሰ ሕመም ማሰብ አልችልም ነው። በቀን አራት ጊዜ እየዞርኩ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ። ትናንት አንድ ጠበቃ ክንዱን በጥጥ ስጠርገው «አሥራ አንድ!» አለኝ። ገና ጥጡ እኮ ነው፤ መርፌው ሳጥኑ ውስጥ ነው። ከጎኑ ያለው ግንበኛ ከሦስተኛ ፎቅ ወድቆ ዳሌው ተሰንጥቋል። ስንት ስለው ትንሽ አሰበና «አራት ብንለውስ?» አለኝ፤ ገበያ ላይ የምንከራከር ይመስል። አንዱ ያጋንናል፣ አንዱ ይግደረደራል፣ መሐሉ ላይ እኔ ወረቀት ይዤ እቆማለሁ። በዚህ ሥራ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ሰው ስለ ራሱ አካል ሲናገር አንድም ቀን አምኜው አላውቅም። እያንዳንዱን እንደ ጠባዩ ቀንሼ ነው የምሰማው።

ስለዚህ ስማኝ። ጫማውን ወደዚያ በምትመጣ የሥራ ባልደረባዬ ልኬያለሁ፤ ከውስጡ አንድ ወረቀት ታገኛለህ። በየቅዳሜው አባባን ጠይቃቸውና ያሉትን ቁጥር ጻፍልኝ። ስድስት ያሉ ቀን እዚያው ሐኪም ቤት ይዘሃቸው ሂድ። ከስድስት በታች ከሆነ ግን ያረጀ ሰው ያረጀ ጣት ነው፣ ሽማግሌውን አታንገላታ። ያንተን አስተያየት አትጨምርበት። ድርሰትም አልፈልግም። ያንተ አሥር ለሌላው ሰው ሁለት እንደሆነ ከልጅነትህ ጀምሮ አውቀዋለሁ።

ዕድሜ ይስጥህ፣ ከዕድሜው ጋር ትንሽ ዝምታ ይጨምርልህ።

ታላቅ እህትህ


ታኅሣሥ 5

ይድረስ ለክብርት የቁጥር ሹም፤

ሰላምታዬን በቁጥር ልልክልሽ አስቤ ስንት እንደሚሆን ስላላወቅሁ ይኸው በቃል ላክሁት።

ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ሦስት። የአራት ቅዳሜ ሪፖርት ነው። እንደምታዪው ሳይረን የለም።

አባባ ወረቀቱን የመብራት ክፍያ ይመስል በሁለት እጃቸው ይዘው፣ መነፅራቸውን አድርገው መረመሩት። ፊቶቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ነኩ። መጨረሻ ላይ አፉን ከፍቶ የሚያለቅሰው ጋ ሲደርሱ «ይሄ አንተ ነህ?» አሉኝ። እኔ የዋዛ ነገር መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን በየቅዳሜው ቁጥሩን ለመናገር ግማሽ ሰዓት ይፈጅባቸዋል፤ ዐይናቸውን ጨፍነው አንድ ነገር ከአንድ ነገር ጋር ያስተያያሉ። የጋለ ካውያ በባዶ እጃቸው ዳብሰው «ገና ነው፣ አልሞቀም» የሚሉ ሰው ምን ያህል እንደሚሰማቸው እኔ ምን አውቃለሁ? ለማንኛውም ሐኪም ቤት እንሂድ ብላቸው «ነርሷ ስድስት ብላለች። ሙያዋ ነው። ያንተ ሙያ መነፅር ነው» አሉኝ። ከአንቺ እጅ ካልተጻፈ በስተቀር ከቤት የሚያወጣቸው የለም።

ጫማው ጠበባቸው። ቁጥሩ ያው ነው፣ እኔም ለክቼዋለሁ፣ ግን ግራው አልገባ ብሏል። ከፍ ያለ ብትልኪ ጥሩ ነው። አሁን ወንበር ላይ ነው የሚያድሩት፤ አልጋውን ትተውታል። የጣታቸው መልክም አላማረኝም፤ ይሁን እንጂ ድርሰት አልፈልግም ስላልሽኝ አልፈዋለሁ። የቁስል ቅባት ካለሽ ላኪ።

መነፅር ቤት ዛሬ አንዲት ሴትዮ መጣች፤ ለሁሉም «ይሄ በጣም ይሻላል! ይሄ ደግሞ በጣም በጣም ይሻላል!» እያለች ልቤን አወለቀችው። ስትወጣ ከበሩ ክፈፍ ጋር ተጋጨች።

ሰላምና ጤና ይብዛልሽ።

ወንድምሽ


ጥር 24

ይድረስ ለወንድሜ፤

እንደምን ከረምክ? እኔ ከሥራ ብዛት በቀር ምንም አልሆንኩም። መልሴ የዘገየው የሚያስቸኩል ነገር ስላላየሁበት ነው።

ልመርቅህ ነው መሰለኝ። አራት ቅዳሜ ጠየቅህ፣ አራት ቁጥር ጻፍክ፣ አንዱም አሥር አይደለም። ደብዳቤህ አንድ ገጽ ተኩል ብቻ ነው። እንዲህ መሆን ትችል ኖሮ ሰላሳ ዓመት ለምን ጆሯችንን በላኸው? ሰው ሆነሃል፣ ደስ ብሎኛል።

አሁን ሦስት ምን ማለት እንደሆነ ልንገርህ። እዚህ ሦስት የሚሉኝ ሰዎች ሲጠየቁ ጥፍራቸውን ቀለም እየተቀቡ ነው። አሥር ያለችኝ አንዲት ሴትዮ እንኳ ብስኩት እየበላች ነው ያለችኝ፤ ፍርፋሪው ወረቀቴ ላይ ወደቀ። አባባ ሦስት ካሉ ደህና ናቸው። ወንበር ላይ ማደር የሽማግሌ አመል ነው፤ አንዱ ሬዲዮ ይከፍታል፣ አንዱ ወንበር ላይ ያድራል። የጫማውን ነገር ደግሞ ተወኝ፤ በዚያ ዕድሜ እግር አያድግም። ካልሲ ደርበው ይሆናል።

መቀመጥ ነው የሚጎዳቸው። ሥራቸውን ካቆሙ ጀምሮ ወንበር ላይ ተለጥፈዋል። በየቀኑ ግማሽ ሰዓት ይዘሃቸው ወጣ በል። እንቢ ካሉህ ነርሷ አዛለች በላቸው። ቅባቱን ልኬያለሁ።

በርታ። በዚሁ ቀጥል።

እህትህ


የካቲት 12

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ለእኛ መንገድ አዘሽልናልና መንገድ ላይ ነን።

በትእዛዝሽ መሠረት ከሥራ መልስ በየቀኑ እንወጣለን። የግማሽ ሰዓቱ መንገድ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ለምን ብትዪ አባባ የሱቅ መስኮት ማየት ጀምረዋል። መስኮት ላይ ያፈጠጠ ሰው ባዩ ቁጥር «ሥራ ፈት» ሲሉ የኖሩት አባባ! በየሠላሳ እርምጃው ይቆማሉ። መጀመሪያ ቀለም ሻጩ፣ ቀጥሎ ሰዓት አዳሹ፣ ከዚያ የክር መሸጫው። ሐሙስ ዕለት የሴቶች የውስጥ ልብስ መሸጫው ፊት ለፊት አምስት ደቂቃ ሙሉ ተገትረው ቀሩ። የማውቃቸው ሰዎች ያልፋሉ፣ አንዳንዱም ሰላም ይለኛል። መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ። «አባባ፣ ምንድነው የሚያዩት?» አልኳቸው። «ስፌቱን» አሉኝ። ትንሽ ቆመው ይሄዳሉ፣ ሠላሳ እርምጃ፣ ደግሞ ይቆማሉ። አንድም ነገር ግን ገዝተው አያውቁም።

አራት። ያለፈው ቅዳሜም አራት ነው።

ምርኩዝ ላኪላቸው። እዚህ ያለውን የሽማግሌ ነው ብለው ገፍተውታል፤ ከውጭ የመጣ ከሆነ ለኩራት ይይዙታል።

እህቴ፣ አንድ ነገር ልለምንሽ። ቁጥሩን ትተሽ «ሐኪም ቤት ይሂዱ» ብለሽ በገዛ እጅሽ አንድ መስመር ጻፊላቸው። እኔን አይሰሙኝም፤ ያንቺን ጽሕፈት ካዩ ግን ባርኔጣቸውን አድርገው ይነሣሉ። ለምን እንደምለምንሽ አትጠይቂኝ። አንድ መስመር ብቻ፣ በሞቴ። መልስሽን ቶሎ ላኪው።

ወንድምሽ


የካቲት 29

ይድረስ ለአምቡላንስ፤

ሰላምታዬ ቢደርስህም ባይደርስህም ግድ የለም፤ መልሴ ይድረስህ።

ይኸው ጀመረህ! ሦስት ወር ሰው ሆኖ ከረመ ብዬ ለባልደረቦቼ ሳወራልህ፣ አራተኛው ወር ላይ ሳይረኑን ለቀቅኸው። በሞቴ፣ ቶሎ፣ አትጠይቂኝ… ምንድነው ይሄ? አራት ስድስት አይደለም። ይህን ለማወቅ ነርስነት አያስፈልግም፤ ሁለተኛ ክፍል ይበቃል። አራት ያለ ሰው ሁሉ ሐኪም ቤት ቢሄድ ኖሮ ሐኪሞች እንቅልፍ የሚባል ነገር አያዩም ነበር።

ቁም ነገሩን ልንገርህ። የታመመው አባባ አይደሉም፣ አንተ ነህ። አባባ በእርጅናቸው ወጣ ብለው ሱቅ ሲያዩ፣ ዓለም ሲያዩ፣ አንተ አፍረሃል። የሚያሳፍርህን ነገር ሁሉ ሐኪም ቤት ማስገባት አማረህ። አባባ በዚህ ዕድሜያቸው ስፌት አይተው ደስ ካላቸው ይያቸው!

ያን አንድ መስመርህን አልጽፍም። ስድስት ሲሉ ደብዳቤም አትጠብቅ፣ ይዘሃቸው ሂድ ብያለሁ። እስከዚያው መንገዱን አታቋርጡ። ምርኩዙን በሚመጣ ሰው እልካለሁ።

እህትህ


መጋቢት 21

ለነርሷ፤

ሰላምታ የለኝም። ስልክ ያልደወልኩልሽም ድምፅሽን መስማት ስላልፈለግሁ ነው።

የአባባ ግራ እግር ባለፈው ማክሰኞ ከጉልበት በላይ ተቆርጧል። በሕይወት አሉ።

ሰኞ ደብዳቤሽ ደረሰ። አነበብኩላቸው። «አልጽፍም» የሚለው ጋ ስደርስ «ካለች ነው» ብለው ባርኔጣቸውን አደረጉና ለእግር ጉዟችን ወጣን። የክር መሸጫው ጋ ቆሙ። እኔ አፍሬ ጀርባዬን ሰጥቻቸው ነበር፤ ዞር ስል መስታወቱን በሁለት እጃቸው ተደግፈው ቀስ እያሉ ይንሸራተታሉ። ድምፅ አላሰሙም። ባለሱቋ ወጥታ «ሰክረው ነው?» አለችኝ።

ሐኪሟ ገና ልጅ ናት። ካልሲያቸውን አወለቀች። ሦስት ጣት ከሰል መስሏል። ሽታውንም አልጻፍኩልሽም ነበር፤ ለሽታ ቁጥር አልሰጠሽኝም። «ሲሄዱ እየቆሙ ያርፋሉ?» አለችኝ። «የሱቅ መስኮት ያያሉ» አልኳት። «ሲተኙ እግራቸውን ያንጠለጥላሉ?» «አየር እንዲያገኝ ነው» አልኳት። ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት አልረሳውም። የደም ሥሩ ተዘግቷል፣ ሥጋው ደም አጥቶ ነው የሞተው አለች። ከሁለት ወር በፊት ብትመጡ ኖሮ አንድ ጣት ነበር የሚቆረጠው አለች። ከዜሮ እስከ አሥር ስንት ብላ አልጠየቀቻቸውም።

አሁን የምጽፈውን ቆመሽ ሳይሆን ተቀምጠሽ አንብቢው። አባባ አንድም ቀን ሁለት ብለው አያውቁም። የመጀመሪያው ቅዳሜ ያሉት አራት ነው፤ እኔ ሁለት ብዬ ጻፍኩልሽ። አምስት ሲሉ ሦስት ጻፍኩ። የካቲት ላይ ስድስት አሉ። ሰምተሻል? ስድስት ብለው ነበር። አራት ብዬ ጻፍኩልሽ።

ለምን? ያንተ አሥር ሁለት ነው ብለሽኝ የለም? በእኔ እጅ ያለፈ ቁጥር ሁሉ ውሸት እንደሚመስልሽ አውቅ ነበርና፣ ትንሽ እንድታምኚኝ ብዬ ቀነስኩት። አንድ ጊዜ እንኳ አምቡላንስ ሳትዪ እንድትጽፊልኝ ብዬ ነው የቀነስኩት። ጻፍሽልኝም። ጥር ላይ «ይድረስ ለወንድሜ» ብለሽ ጀመርሽ። ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርሽም። ስድስት ያሉ ቀን ይዣቸው እንዳልሮጥ ደግሞ ሦስት ወር ሙሉ የዋሸሁት ሊታወቅብኝ ነው። ለእሳቸው «ለነርሷ ጽፌያለሁ፣ መልሷን እንጠብቅ» አልኳቸው፤ አንቺን አንድ መስመር ለመንኩሽ። ደብዳቤሽን ሳነብላቸውም «አራት ስድስት አይደለም» የሚለውንም «ስድስት ሲሉ ይዘሃቸው ሂድ» የሚለውንም ዘለልኳቸው። ስለዚህ አባባ የሰሙት ስድስት ብለው ልጃቸው አልጽፍም ማለቷን ነው።

እኔ ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ አውቄያለሁ። አንቺም ምን ዓይነት ሰው እንደሆንሽ እወቂ። ምርኩዙን አትላኪ፤ አሁን የሚያስፈልገው ሁለት ነው፣ ሐኪም ቤቱ ሰጥቶናል።


ሚያዝያ 9

ይድረስ ለወንድሜ፤

በምን አፌ ሰላም እልሃለሁ? ቢሆንም ሰላም ለአንተ፣ ሰላም ለአባባ።

የሰደብከኝ አነሰኝ። አንተ የማታውቀውን እኔው ልጨምርልህ። ቁጥሮችህ ሲደርሱኝ እንዳሉ አልወሰድኳቸውም። አምቡላንስ ነው የጻፈው፣ ሁለት ጨምሮበታል ብዬ ከእያንዳንዱ ላይ ሁለት ቀንሻለሁ። ወረቀቱ እዚህ አለ፣ በእጄ የጻፍኩት፤ ከአራትህ ጎን ሁለት የሚል አለበት። አባባ ስድስት አሉ፣ አንተ አራት አልክ፣ እኔ ሁለት አነበብኩ። ለሁለት ደግሞ ሰው ከወንበሩ አይነሣም።

ደብዳቤዎችህን በተራ አስቀምጬ እንደገና አነበብኳቸው። እግር ማንጠልጠሉ አለ፤ ደም ቁልቁል እንዲወርድለት ነው። ወንበር ላይ ማደሩ አለ። ያበጠው እግር አለ፤ እኔ ካልሲ ደርበው ነው አልኩ። የሱቁ መስኮት አለ! ወንድሜ፣ እዚህ በመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች የሚያነቡት መጽሐፍ ውስጥ እግሩ ደም ያጠረው ሰው በየመንገዱ እየቆመ ሱቅ የሚያይ እንደሚመስል ተጽፏል። እኔ ራሴ ለተማሪዎች አስረድቼዋለሁ፤ እየሳቁ ነው የሚይዙት። አንተ ሱቆቹን ከነተራቸው ጽፈህልኛል፤ እኔ ቁጥሩን አየሁና የቀረውን የአምቡላንስ ወሬ ነው ብዬ ዘለልኩት። በሃያ አራት አልጋ ፊት ዐዋቂ ነኝ ብዬ የምንቀባረር ሴት የአባቴን እግር በደብዳቤ አንብቤ አላወቅሁትም። ለራሴ ያለኝን ንቀት ብጽፍልህ ወረቀት አይበቃኝም።

የዛሬ ሳምንት ወደ ግንበኛው ወረቀቱን ይዤ ሄድኩ፤ አሁንም አልጋ ላይ ነው። የድሮ መዝገቡን ሳገላብጥ አራት ያለኝ ቀን ሦስት ብዬ ጽፌለት አገኘሁ። ይግደረደራል ብዬ በጻፍኩልህ ሰው ላይ እንኳ ቀንሻለሁ።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ። አባባ እንድመጣ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቅልኝና የሚሉትን እንዳለ ጻፍልኝ። ቢሰድቡኝም ስድቡን እንዳለ ጻፈው። አትምጣብኝ ካሉም እሱንም ጻፍ።

እህትህ


ግንቦት 1

ይድረስ ለእህቴ፤

ሰላም ነሽ? ከዚህ በታች ያለው የአባባ ቃል ነው። እየተናገሩ ጻፍኩት፣ መልሼም አነበብኩላቸው። የራሴ የሆነ ምንም የለበትም።

ይድረስ ለልጄ ለነርሷ፤

እንዴት ነሽ? ወንድምሽ ሁለታችሁ የሠራችሁትን ሁሉ እያለቀሰ ነገረኝ። እኔ ሳቅሁ። አንዱ ዐይን ይለካል፣ አንዷ ሕመም ትለካለች፤ እናንተን ለማስተማር ሠላሳ ስምንት ዓመት ልብስ ተኮስኩ፤ አሁን ሁለት ሆናችሁ በገዛ እግሬ ላይ ቅናሽ ስትደራረጉ ከረማችሁ። ሽማግሌ ነው፣ ዝም ይላል፣ አይጮህም፣ ስለዚህ አያመውም። እንዲህ ነው ያሰባችሁት?

እኔ ቁጥሩን እንዴት እንደምሰጥ ከሁለታችሁ አንዳችሁም አልጠየቃችሁኝም። ስንት? ስንት? ብቻ። ልንገርሽ። ወረቀትሽ አሥር ማለት ከዚህ የባሰ የማይታሰብ ነው ይላል። እኔ አሰብኩ። አሥር ከሁለታችሁ አንዳችሁን የምቀብርበት ቀን ነው አልኩ። ስምንት ላይ እናታችሁን የቀበርኩበትን ቀን አስቀመጥኩ። እንግዲህ አንድ የተላጠ ጣት ወስጄ ከእናታችሁ አጠገብ ላስቀምጠው ነው? ሰባትን ባዶ ተውኩት፤ ለእሷ ክብር። ለሥጋዬ የቀረልኝ ስድስት ነበር። ከዚያ በላይ የምለው አልነበረኝም። አራት ስል ጥርሴን ነክሼ ነበር። ስድስት ያልኩ ቅዳሜ ኮቴን ለብሼ፣ ባርኔጣዬን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ቁጭ አልኩ። ወንድምሽ መልሷን እንጠብቅ አለኝ። ኮቴን አውልቄ ሰቀልኩት። ደብዳቤሽ መጣ፣ አልጽፍም አልሽ። ልጄ ስድስቴን ሰምታ አልጽፍም ካለች ምናልባት አያመኝም ይሆናል ብዬ በእግሬ ሄድኩ።

አሁን ደግሞ ልምጣ ወይስ ልቅር ብለሽ ትጠይቂያለሽ። ይሄንንም በጥያቄ ነው የምትወስኚው? ወንድምሽ የሚጽፈውን ቁጥር አይተሽ ነው ትኬት የምትቆርጪው?

ለማንም ያልተናገርኩትን ልንገርሽ። የተቆረጠው እግሬ ያመኛል። የሌለው። አውራ ጣቱ ላይ የጋለ ካውያ አስቀምጠው የረሱት ይመስለኛል። ብርድ ልብሱን ስገልጠው ምንም የለም፣ ሕመሙ ግን አለ። እዚህ ያለችው ነርስ ፊት የተሳለበት ወረቀቷን ይዛ ስትመጣ የተኛሁ እመስላለሁ። ወንድምሽም ይህን ሰምቶ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ብርድ ልብሱን ያያል። ጻፍ አልኩት።

አዋቂ ነሽ አይደል? ያመኛል። ነይና የት ጋ እንደሆነ አሳዪኝ።

አባትሽ